አንድ ደረሰኝ፣ አራት ሠንጠረዥ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ዳታቤዝ ሚድ ላይ ከ30 ያመጣሁት 11 ነው። ስላይዱን ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፣ የኖርማል ፎርሞቹን (ድግግሞሽ እንዳይኖር ሠንጠረዥ የሚከፈልባቸውን ደረጃዎች) ትርጉምም በቃሌ እወጣዋለሁ። ሠንጠረዥ ተሰጥቶኝ ‹እስከ ሦስተኛው ኖርማል ፎርም አድርሺ› ስባል ግን እጄ ይታሰራል። ጆይን (ሠንጠረዦችን ማገናኘት) ላይ ደግሞ የሚወጣልኝ ቁጥር ሁልጊዜ ከጓደኞቼ ይበልጣል። የላፕቶፔ ራም 4 ጊጋ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። የዶርም ልጆች ‹ይሄ ያረጀ ነገር ነው፣ ሞንጎዲቢ ተማሪ› ይሉኛል፤ በሠንጠረዥ ፈንታ በሰነድ የሚያስቀምጠውን ዳታቤዝ ማለታቸው ነው። ለፋይናል አምስት ሳምንት ቀርቶኛል፣ የቡና መረከቢያ ጣቢያ ሲስተም የሚል የቡድን ፕሮጀክትም አለብን። ከየት ልጀምር?»

ሰላም እህታችን፣

ትርጉሙን በቃልሽ ከተወጣሽው የጎደለሽ ንባብ አይደለም። ስላይዱን ለአራተኛ ጊዜ ብትሸመድጂውም ከ11 ብዙ ፈቀቅ አትዪም። የጎደለሽ ትርጉሙን የምታሳርፊበት ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ አለ። ጎማ ወይም ማና ቤተሰብ ያለው የክፍል ልጅ አይጠፋምና አንድ የተሞላ የቡና መረከቢያ ደረሰኝ አስመጪ፤ ፎቶውም ይበቃል። አምስቱንም ሳምንት ኢአር ዲያግራሙን (የነገሮችና የግንኙነታቸውን ሥዕል)፣ ኖርማላይዜሽኑን፣ ጆይኑን፣ ትራንዛክሽኑን (እንደ አንድ የሚፈጸም የሥራ ስብስብ) በዚያች አንድ ወረቀት ላይ ሥሪ። በየምዕራፉ አንዴ ሠራተኛና ክፍል፣ አንዴ ተማሪና ኮርስ እያሉ አዲስ ምሳሌ መልመድ ጉልበት ይጨርሳል።

ወረቀቷ ላይ ያለውን በአንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ገልብጪው፦ የደረሰኝ ቁጥር፣ ቀን፣ የአባል ቁጥር፣ የአባል ስም፣ ስልክ፣ የቀበሌ ኮድ፣ የቀበሌ ስም፣ ወረዳ፣ የቡና ዓይነት፣ ኪሎ፣ የኪሎ ዋጋ። 11 ዓምድ ነው። አንድ ገበሬ በአንድ ጉዞ እሸትም ጀንፈልም (ከነገለባው የደረቀ) ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ደረሰኝ 0417 ሁለት ረድፍ ይይዛል እንበል፦ እሸት 62 ኪሎ፣ ጀንፈል 17 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ፈረሱላ። በሁለቱም ረድፍ ቀኑ፣ ስሙ፣ ስልኩ፣ ቀበሌው ተደግሟል። ያ ገበሬ በወቅቱ 12 ረድፍ ካለውና ሲም ካርድ ከቀየረ 12 ቦታ መታረም አለበት። 11ዱን አርመሽ አንዱን ከዘለልሽ ዳታቤዙ ለአንድ ሰው ሁለት ስልክ ይነግርሻል፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ግን አይነግርሽም። አዲስ አባል ተመዝግቦ ቡና ገና ካላመጣ ደግሞ የሚጻፍበት ረድፍ የለውም። ፈተና ላይ አኖማሊ (ድግግሞሽ የሚያመጣውን ችግር) ዘርዝሪ ስትባዪ የምትጽፊው ይህንን ነው፤ ስማቸውን ከመደርደር አንዱን በቁጥር ማሳየት ይሻላል።

አሁን ዋናው ሥራ። ፈንክሽናል ዲፔንደንሲ የሚባለው በአማርኛ ቀላል ጥያቄ ነው፦ ይህን ካወቅሁ ያ አንድና አንድ ብቻ ሆኖ ይታወቃል? የደረሰኝ ቁጥር ካወቅሽ ቀኑና የአባል ቁጥሩ ይታወቃሉ። የአባል ቁጥር ካወቅሽ ስሙ፣ ስልኩና የቀበሌ ኮዱ ይታወቃሉ። የቀበሌ ኮድ የቀበሌውን ስምና ወረዳውን ይወስናል። ኪሎውንና ዋጋውን ለማወቅ ግን የደረሰኝ ቁጥርና የቡና ዓይነት አብረው ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ አባባል ሕግ ይባል፤ የሚወስነው በግራ፣ የሚወሰነው በቀኝ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መልሱን ከተሰጠው ረድፍ ውስጥ ስለሚፈልግ ነው። አሥር ረድፍ አይተሽ ስልክ ስምን ይወስናል ማለት አትችዪም፤ አባትና ልጅ ሁለቱም አባል ሆነው በአንድ ስልክ ሊጠሩ ይችላሉ። የቀበሌ ስምም ወረዳን አይወስንም፤ «ቀበሌ 01» የሌለበት ከተማ ማግኘት ይቸግራል። ኮዱን ያመጣነው ለዚህ ነው። ሕጉ የሚገኘው ከሥራው ነውና ሚዛን ላይ የሚቆመውን ሰው ጠይቂ። ፈተና ላይ ደግሞ ሕጎቹ ተሰጥተውሻል፤ ከተሰጡት ውጭ ከራስሽ አትጨምሪ።

ቀጥሎ ቁልፍ ፍለጋ ነው፤ የሚድ ነጥብሽ የተበላውም እዚህ ሳይሆን አይቀርም። ካንዲዴት ኪውን፣ ማለትም ሁሉንም ዓምድ የሚወስነውን ትርፍ የሌለበት ቁልፍ፣ ሳያገኝ «ይህ ሁለተኛ ኖርማል ፎርም ነው» ብሎ የጀመረ ተማሪ መልሱ ቢገጥም እንኳ ማብራሪያው አይገጥምም። አቋራጭ አለው፦ ከየሕጉ በቀኝ በኩል አንድም ጊዜ ያልታየ ዓምድ የግድ የቁልፉ አካል ነው፣ የሚወስነው ሌላ ስለሌለ። በእኛ ደረሰኝ በቀኝ በኩል ያልታዩት ሁለት ናቸው፦ የደረሰኝ ቁጥርና የቡና ዓይነት። ከዚያ ክሎዠር አስዪ፤ ከያዝሽው ዓምድ ተነስተሽ በሕጎቹ የምትደርሺበት ሁሉ ማለት ነው። ከደረሰኝ ቁጥር ብቻ ተነሺ፤ ቀንና የአባል ቁጥር ይጨመራሉ፣ በአባል ቁጥር በኩል ስም፣ ስልክ፣ የቀበሌ ኮድ ይገባሉ፣ በኮዱ በኩል የቀበሌ ስምና ወረዳ። ስምንት ዓምድ ደረስሽና ቆመ፤ ዓይነት፣ ኪሎ፣ ዋጋ ቀሩ። ብቻውን ቁልፍ አይደለም። የቡና ዓይነትን ስትጨምሪበት 11ዱም ይገኛሉ። ቁልፉ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው፣ ሌላም የለም።

ቁልፉ ከታወቀ የቀረው መቁረጥ ነው። ቀንና አባል በቁልፉ ግማሽ ብቻ ስለሚወሰኑ ሁለተኛው ኖርማል ፎርም ተጥሷል፤ ከነተከታዮቻቸው ነጥለሽ አውጪያቸው። በወጣው ሠንጠረዥ ውስጥ ስምና ስልክ በደረሰኙ የሚወሰኑት በአባል ቁጥር አማላጅነት ነው፤ ይህ ሦስተኛውን ይጥሳል። ወረዳም በቀበሌ ኮድ በኩል እንዲሁ። ቆርጠሽ ስትጨርሺ አራት ሠንጠረዥ አለሽ፦ አባል፣ ቀበሌ፣ ደረሰኝ፣ ዝርዝር። ዝርዝር የሚይዘው የደረሰኝ ቁጥር፣ ዓይነት፣ ኪሎና ዋጋ ነው። ኢአር ዲያግራሙን ከደረሰኙ ተነስታችሁ በደንብ ብትስሉት ኖሮ ዝርዝር ደረሰኝንና የቡና ዓይነትን የሚያገናኘው የብዙ ለብዙ ግንኙነት ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ሁለቱ መንገዶች እዚሁ ይገናኛሉ።

የአቆራረጡን ትክክለኛነት የምታረጋግጪው በጋራ ዓምዱ ነው፤ ለሁለት ከተከፈለው ቢያንስ ለአንዱ ቁልፍ መሆን አለበት። ካልሆነ የሌለ ረድፍ ይፈጠራል። ደረሰኝ 0417 የአባል 88፣ ደረሰኝ 0418 የአባል 31 ይሁኑ፣ ቀናቸው አንድ፣ ኅዳር 12። ይህን ደረሰኝና ቀን፣ ቀንና አባል ብለሽ ከፍለሽ መልሰሽ ስታገናኚው ሁለቱ ረድፍ አራት ሆኖ ይመጣል፦ 0417 ለ88ም ለ31ም፣ 0418ም እንዲሁ። ረድፉ በዛ፣ እውነቱ ጠፋ። መጽሐፉ «ሎሲ» የሚለው ይህንን ነው፤ ስሙ ብዙ ተማሪ ያሳስታል፣ የሚጠፋው ረድፍ ሳይሆን መረጃ ነውና። ቦይስ ኮድ የሚባለውን ጠበቅ ያለ ኖርማል ፎርም በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፦ እያንዳንዱ ሕግ በግራ በኩሉ ሱፐር ኪ (ሁሉንም ዓምድ የሚወስን) ይኑረው ይላል። ሦስተኛው ኖርማል ፎርም ግን በቀኝ ያለው ዓምድ የአንዱ ካንዲዴት ኪ አካል ከሆነ ያልፈዋል። ልዩነታቸው እሱ ነው።

ዋጋ ላይ ግን ቆም በዪ። መምህራችሁ ፕሮጀክቱን ስታቀርቡ «ዋጋን ለምን በቡና ዓይነት ሠንጠረዥ አላስቀመጣችሁም?» ማለቱ አይቀርም። የእሸት ዋጋ በወቅቱ ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ዋጋን በዓይነት ሥር ብታስቀምጡት ዛሬ ዋጋ ስትቀይሩ ያለፈው ሳምንት ደረሰኞች ድምር ሁሉ አብሮ ይቀየራል። በደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ የዚያን ዕለት የተከፈለ ነው፣ መነካት የለበትም። ጣቢያው ለሁሉም በቀን አንድ ዋጋ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ቀንና ዓይነት ዋጋን ይወስናሉ የሚል አምስተኛ ሕግ ይመጣል፤ ያኔ የዕለት ዋጋ የሚባል አምስተኛ ሠንጠረዥ መነጠል ትችላላችሁ። የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ ሪፖርቱ ላይ ጻፉት።

ወደ ጆይን እንሂድ። ቁጥርሽ «ሁልጊዜ የሚበልጥ» ከሆነ ምክንያቱ ከሁለት አያልፍም። አምስት አባል፣ ስምንት ደረሰኝ፣ 11 የዝርዝር ረድፍ ራስሽ አስገቢ፤ አባል 54 ምንም ያላስረከበ ይሁን። የማገናኛውን ሁኔታ ከረሳሽ አባልና ደረሰኝ 5 በ8 ተባዝተው 40 ረድፍ ይሰጡሻል። ይህ ለዓይን ይታያል። ሁለተኛው ግን ተደብቆ ነው የሚጎዳው። ለደረሰኝ 0417 በሦስት ጊዜ ክፍያ ተፈጽሟል እንበልና ክፍያ የሚል ሠንጠረዥ ጨምሩ። ደረሰኝን ከዝርዝርም ከክፍያም በአንድ ጥያቄ ስታገናኚ 2 ረድፍ በ3 ክፍያ ተባዝቶ 6 ይሆናል፤ 79 ኪሎው 237 ሆኖ ይደመራል። ስህተት የሚል መልእክት የለም፣ ቁጥሩ ዝም ብሎ ይወጣል። መፍትሔው ክፍያውን መጀመሪያ ለብቻው በደረሰኝ ቁጥር ደምሮ፣ ለአንድ ደረሰኝ አንድ ረድፍ ካደረጉ በኋላ ማገናኘት ነው። «ዲስቲንክት» ጨምሮ መሸፈን አያድንም፤ እሸቱም ጀንፈሉም እኩል 17 ኪሎ በሆኑ ቀን አንዱን ይበላዋል።

ስለዚህ ጥያቄ ከማስኬድሽ በፊት ስንት ረድፍ እንደሚመጣ በእርሳስ ጻፊ። ደረሰኝ ከዝርዝር፦ 11። አባል በ«ሌፍት ጆይን» (አቻ ያላገኘውንም የግራ ረድፍ በሚያስቀረው) ከደረሰኝ፦ 8 እና ያላስረከበው አንዱ፣ 9። ከዝርዝር ጋር በዚያው «ሌፍት ጆይን» ሲቀጥል 12። ግምትሽ ካልገጠመ ወደ ሌላ ጥያቄ አትለፊ።

አባል 54 ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። «ካውንት» ውስጥ ኮከብ ካደረግሽ ለእሱ 1 ይሰጣል፣ ባዶም ቢሆን ረድፍ ነውና፤ የደረሰኝ ቁጥርን ካስቆጠርሽ ግን 0 ነው። የኪሎ ድምሩ ዜሮ ሳይሆን «ነል» (ባዶ) ነው፣ በ«ኮአሌስ» ወደ 0 ቀይሪው። ሦስተኛው፣ «ከኅዳር 1 ወዲህ» የሚለውን የቀን ሁኔታ «ዌር» ውስጥ ብትጽፊው 54 ይጠፋል፣ ቀኑ «ነል» ስለሆነ። «ኦን» ውስጥ ስትጽፊው ይቀራል። «ኖት ኢን»ም የ«ነል» ሌላ ሰለባ ነው፦ የውስጠኛው ዝርዝር አንዲት «ነል» ከያዘች አንድም ረድፍ አይመለስም፤ «ኖት ኤግዚስትስ» ተጠቀሚ። የዳታቤዙ ሞተር በሐሳብ ደረጃ የሚሄድበትን ቅደም ተከተልም ያዢ፦ ፍሮም፣ ዌር፣ ግሩፕ ባይ፣ ሃቪንግ፣ ሴሌክት፣ ኦርደር ባይ። በመደበኛው ኤስኪውኤል «ሴሌክት» ላይ ያወጣሽው ስም «ዌር» ውስጥ የማይታወቀው ገና ስላልተወለደ ነው።

ትራንዛክሽን ትንሽ ምዕራፍ ነው፣ ከገባሽ ግን ነጥቡ ቁርጥ ያለ ነው። አባል 88 በሒሳቡ 4,000 ብር አለው። አንዱ ሠራተኛ 1,500 ወጪ፣ ሌላው 2,000 ገቢ በአንድ ጊዜ ይመዘግባሉ። ሁለቱም 4,000 አነበቡ። አንደኛው 2,500 ጻፈ፣ ሁለተኛው በላዩ 6,000 ጻፈ። መሆን የነበረበት 4,500 ነው፤ የ1,500ው ወጪ ደብዛው ጠፋ። ቅደም ተከተሉን በወረቀት አስቀምጪው፦ አንድ አነበበ፣ ሁለት አነበበ፣ አንድ ጻፈ፣ ሁለት ጻፈ። አንድ ከሁለት መጻፍ በፊት ስላነበበ ቀስት ከአንድ ወደ ሁለት፤ ሁለት ከአንድ መጻፍ በፊት ስላነበበ ቀስት ከሁለት ወደ አንድ። ቀስቶቹ ዞረው ገጠሙ፣ ስለዚህ ኮንፍሊክት ሲሪያላይዘብል (ተራ በተራ እንደተሠራ የሚቆጠር) አይደለም። ቱ ፌዝ ሎኪንግ (ሎክ ወይም ቁልፍ መልቀቅ አንዴ ከተጀመረ አዲስ የማይያዝበትን ሥርዓት) ብታስገቢበት ሁለቱም የማንበቢያ ሎክ ይዘው፣ ሁለቱም የመጻፊያውን ሲጠብቁ ዴድሎክ ይሆናል፤ ሞተሩ አንዱን ሰርዞ ሌላውን ያሳልፋል። ሎክ ስህተቱን ይከለክላል እንጂ መጠበቅን አያስቀርም።

ኢንዴክስ (መዝገብ በፍጥነት የሚገኝበት ማውጫ) ላይ ስሌት ከመጣ የሚጥለው የማጠጋጋት ነገር ነው። ገጽ 4,096 ባይት፣ አንድ መዝገብ 100 ባይት ቢሆን በገጽ 40 መዝገብ ይገባል፤ 40.96 ቢወጣም ወደ ታች፣ ግማሽ መዝገብ አይቀመጥምና። 1,000,000 መዝገብ 25,000 ገጽ ይሆናል። ቁልፉ 8፣ ፖይንተሩ 8 ባይት ከሆኑ በአንድ የቢ ፕላስ ትሪ (የኢንዴክሱ ዛፍ) ገጽ 256 ይገባል። ቅጠሉ 3,907 ገጽ (እዚህ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው)፣ ከላዩ 16፣ ከዚያ ሥሩ 1። ሦስት ገጽ ለዛፉ፣ አንድ ለመዝገቡ፤ በ25,000 ፈንታ 4 ንባብ። ስምን በመካከሉ ፊደል በ«ላይክ» ስትፈልጊ ግን ይህ ሁሉ አይጠቅምም፤ መነሻውን ካላወቅሽ ዛፉ ከየት ይጀምርልሽ።

ላፕቶፕሽ ይበቃል። ለልምምድ ኤስኪውላይት ጫኚ፤ ከበስተጀርባ የሚሮጥ ሰርቨር የለውም፣ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው፣ በፍላሽ ይዞራል። ሁለት ነገር ግን እወቂ። የፎሪን ኪ (ወደ ሌላ ሠንጠረዥ የሚጠቁም ዓምድ) ቁጥጥሩ ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣውና በከፈትሽ ቁጥር በ«ፕራግማ» ትእዛዝ አብሪው፤ አለበለዚያ የሌለ አባል ደረሰኝ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበላል። የዓምድ ዓይነትም አያጠብቅም፣ ኪሎ ውስጥ ፊደል ብትጽፊ ዝም ይላል። ፕሮጀክቱ በማይኤስኪውኤል ከተጠየቀ ልምምዱን እዚህ ጨርሰሽ እሱን ወደ መጨረሻ ክፈቺው። ማታ ማታ ዳታቤዙን ኤክስፖርት አድርገሽ የጽሑፍ ፋይሉን ለቡድኑ በቴሌግራም ላኪው፤ መብራት በመሃል ጠፍቶ ሰርቨሩ አልነሳ ቢል የዳታ ማህደሩን ከመነካካት ከዚያ ፋይል መመለስ ይቀላል።

የፕሮጀክቱን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ዴት» ዓይነት ውስጥ አትክተቱ። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብሎ እንደማይቀበል ሁሉም ይገምታል። ቀድሞ የሚገጥማችሁ ግን ጥቅምት ነው፦ ጥቅምት 30 ማለት የ2ኛ ወር 30ኛ ቀን ነው፣ ለሞተሩ ደግሞ 2ኛ ወር 30 ቀን የሌለው ፌብሩዋሪ ነው። በፈረንጅ አስቀምጣችሁ ስታሳዩ ብቻ ቀይሩት። ስልክ በጽሑፍ ይያዝ፤ በቁጥር ከያዛችሁት የመጀመሪያው 0 ይወድቃል። ስሞች የጥያቄ ምልክት ሆነው ከመጡ ሠንጠረዡም ግንኙነቱም ዩቲኤፍ 8 መሆኑን እዩ። ኃይሉ፣ ሐይሉ እና ሀይሉ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ገበሬን በስም ሳይሆን በአባል ቁጥር ፈልጉ።

ጊዜውን እንዲህ ብትከፍዪው ይሻላል፦ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ለሕጎች፣ ለቁልፍና ለመቁረጥ ስጪ፤ በቀን አንድ ሠንጠረዥ፣ ማስታወሻ ተከድኖ። ሦስተኛውን ለጥያቄዎች፣ 20 ያህል። ትራንዛክሽንና ኢንዴክስ አራተኛው ሳምንት ይበቃቸዋል። አምስተኛው ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥሪያ ነው። ሪሌሽናል አልጀብራን ለብቻው አትፍሪው፤ በሦስተኛው ሳምንት የጻፍሻቸውን አምስት ጥያቄዎች ወደ ምልክት ገልብጪ።

የዶርም ልጆችን በተመለከተ፣ የሪሌሽናል ሞዴል ጽሑፍ በኤድጋር ኮድ የወጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ስለሆነ አርጅቷል ማለታቸው በዕድሜ ሐሰት አይደለም። ሞንጎዲቢም መጥፎ መሣሪያ አይደለም፣ ከፋይናል በኋላ ተማሪው። ግን የአባል 88 ስልክ በ12 የደረሰኝ ሰነድ ውስጥ ተገልብጦ ከተቀመጠ፣ እዚያም የሚታረመው 12 ቦታ ነው።